«የዛፍ ስም» ማለት ፍች ነውን?
ስለ «ሂከሪ» ትርጉምና ስለ ደቡብ ጎንደር ደጋ ዛፎች የመዝገበ ቃላት አፈታት

የአሜሪካን ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ይዋል ይደር እንጂ «ሂከሪ» ከሚባለው ዛፍ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። የመጥረቢያው እጀታ ከሂከሪ የተጠረበ ነው፤ ሥጋው የሚታጠነው በሂከሪ ጭስ ነው፤ አስተማሪው በእጁ የሚይዘው አርጩሜ የሂከሪ ነው፤ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን እንኳ ስለ ጽናታቸው «አሮጌው ሂከሪ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላቸዋል። ዛፉ ለአገራችን በቀል ስላልሆነ የአማርኛ ስም የለውም። እንግዲህ ተርጓሚው ምን ያድርግ? ይህ ጥያቄ ለጸሐፊው በተደጋጋሚ የቀረበለት ሲሆን፥ መልሱን ሲያፈላልግ ችግሩ ከባዕዱ ዛፍ ይልቅ በራሳችን ዛፎች ላይ የከፋ ሆኖ ስላገኘው ይህን ሒስ ለመጻፍ ተነሥቷል።

ተርጓሚዎች በቅድሚያ የሚያስቡት መፍትሔ «የለውዝ ዛፍ» የሚለው ነው። ሂከሪ ቅርፊተ ጠንካራ፥ የሚበላ ፍሬ ያለው ዛፍ ስለሆነ ሐሳቡ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ነገር ግን «ለውዝ» የሚለው ቃል ራሱ ከሁለት ተከፍሎብናል። በመጽሐፍ ቅዱስ የአሮን በትር ያፈራችው ለውዝ ከዛፍ የሚለቀም ነው፤ በዛሬው ገበያ ግን ለውዝ ማለት ከአፈር ተቆፍሮ የሚወጣው፥ በሌላ ስሙ ኦቾሎኒ የሚባለው ነው። ስለዚህ «አያቱ ከለውዝ ዛፍ ዱላ ቆረጡ» የሚል ዐረፍተ ነገር የሚያነብ ወጣት፥ ሰውዬው ከኦቾሎኒ ተክል ላይ ዱላ የሚቆርጡበትን ምክንያት መጠየቁ አያስወቅሰውም።

ሁለተኛው መፍትሔ «ወይራ» ማለት ነው። ይህኛው የሚናቅ አይደለም። እንጨቱ ጠንካራ ነው፤ ዱላና እጀታ ይሆናል፤ እንስራውና የወተቱ ዕቃ የሚታጠነው በወይራ ጭስ ነው። በአገልግሎት ረገድ ከታየ ሂከሪ ለአሜሪካው ገበሬ የሚሰጠውን ሁሉ ወይራ ለጎንደሬው ይሰጣል ማለት ይቻላል። ጸሐፊው በበኩሉ የጃክሰንን ቅጽል ስም «አሮጌው ወይራ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ቢያገኝ አይነቅፈውም፤ በዚህ ቦታ ላይ የሚፈለገው ዛፉ ሳይሆን ፍካሬያዊው ፍች፥ ይኸውም አለመሰበሩ ነውና። ደራሲው ግን ገጸ ባሕርዩን ወደ ጫካ አስገብቶ ዛፉን በቅጠሉና በቅርፊቱ እንዲለይ ሲያደርገው «ወይራ» ማለት ስሕተት ይሆናል። የወይራ ቅጠል ነጠላ፥ ጠባብና ሁልጊዜ ለምለም ነው፤ ሁለት ሁለት እየሆነም ፊት ለፊት ተጣምሮ ይወጣል። የሂከሪ ቅጠል በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ከተሰለፉ ንኡሳን ቅጠሎች የተሠራ ሲሆን፥ በክረምታቸው ይረግፋል።

ሦስተኛው መንገድ ቃሉን እንዳለ ተውሶ «ሂከሪ» ብሎ መጻፍና በግርጌ «የዛፍ ስም» ብሎ ማለፍ ነው። ውሰቱ የሚደገፍ ነው። ችግሩ ያለው በግርጌው ላይ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፥ አንድ መካከለኛ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ስለ ሂከሪ ምን እንደሚያስታውቅ እንመልከት። ከዋልነት ጋር አንድ ቤተሰብ መሆኑን፥ በአብዛኛው በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል መብቀሉን፥ የቅጠሉን አሠራር፥ የፍሬውንና የእንጨቱን ጠባይ ይነግራል። የደን ባለሙያ ደግሞ ከዚህ አልፎ የሚለይባቸውን ምልክቶች ያውቃል። ዋልነትም ሂከሪም ድርብ ቅጠል አላቸው፤ ቀንበጡ ቢሰነጠቅ ግን የዋልነት ልብ እንደ መሰላል የተከፋፈለ ሲሆን የሂከሪ ልብ ድፍን ነው። የሂከሪ ፍሬ ውጫዊ ልባስ ሲደርቅ በአራት ይሰነጠቃል። ቅርፊቱ በረጃጅም ቅዳጅ እየተላቀቀ የሚንጠለጠለው ዓይነት በብዛት አምስት ንኡሳን ቅጠሎች አሉት፤ ቅርፊቱ እንደዚሁ የሚላጥ ወንድሙ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት። አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት ሦስቱ ሲገጣጠሙ ነው ዛፉ የሚታወቀው። የቃሉም ታሪክ ተመዝግቧል፤ በቨርጂኒያ የነበሩ የፖውሃታን ሕዝቦች ፍሬውን ወቅጠው ከውኃ ጋር በመቀላቀል ለሚያዘጋጁት ወተት መሰል መጠጥ ከሰጡት ስም የተወሰደ ሲሆን፥ እንግሊዞች በ17ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ሰምተው አሳጥረው ለዛፉ አድርገውታል። የመጠጡ ስም ወደ ዛፉ ዞረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በደብረ ታቦር ዙሪያ ካሉት ዛፎች ለሂከሪ በመልክ የሚቀርበው ወይራ ሳይሆን ኮሶ ነው። በዝምድና አይገናኙም፤ ኮሶ የጽጌረዳ ቤተሰብ ሲሆን በየአጥሩ የምናየው ቀጋም የዚያው ቤተሰብ ነው። ሆኖም ኮሶም በዘንግ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ንኡሳን ቅጠሎች አሉት፤ ቅርፊቱም እየተላቀቀ ይላጣል። ሂከሪን ከአገራችን ዛፍ ጋር ማመሳሰል የሚፈልግ ተርጓሚ «ቅጠሉ እንደ ኮሶ ቅጠል ያለ» ቢል ለአንባቢው ጥሩ ሥዕል በሰጠው ነበር። ግን አንባቢው የኮሶን ቅጠል ያውቃልን? የማያውቅ ቢሆን መዝገበ ቃላት ከፍቶ ሊረዳ ይችላልን?

አይችልም። በአማርኛ መዝገበ ቃላት ዘንድ የተለመደው የዛፍ አፈታት ብዙ ጊዜ «የዛፍ ስም» ወይም «የእንጨት ዓይነት» ይልና፥ ሲበዛ «ለመድኃኒት የሚሆን» ወይም «ለቤት ሥራ የሚያገለግል» የሚል ይጨምራል። ይህ ጽሑፍ ከሣቴ ብርሃን ተሰማን በ1951 ዓ.ም.፥ ደስታ ተክለ ወልድን በ1962 ዓ.ም.፥ ወይም በ1993 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለይቶ ለመንቀፍ አልተነሣም፤ እነዚህን የመሰሉ ሥራዎች ባይኖሩ ኖሮ የምንወቅሰውም አናገኝም ነበር። የቀድሞዎቹ ሊቃውንት «የዛፍ ስም» ብለው ማለፋቸውም የሚገባ ምክንያት ነበረው። አንባቢያቸው ኮሶውን ከደጁ፥ ወይራውን ከእጁ አይለይም ነበር፤ እነርሱ የሚጨነቁት ቃሉ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደሚጻፍ ነበር። የዛሬው አንባቢ ግን ቃሉን ያውቃል እንጂ ዛፉን አያውቅም። ፍቹ የተጻፈው ዛፉን ለሚያውቅ ሰው ነበርና፥ ለማያውቀው ሲቀርብ ባዶ ይሆናል።

ኮሶ ለዚህ ዋና ምሳሌ የሚሆነን ቃሉ እጅግ ሀብታም ስለሆነ ነው። በአንድ ድምፅ ዛፉ፥ አበባው፥ ከአበባው የሚዘጋጀው መድኃኒት፥ መድኃኒቱ የሚያስወጣው ትልም ይጠራሉ። «ኮሶ ጠጣ» ሲባል መድኃኒቱ ነው፤ «ኮሶ አለበት» ሲባል ትሉ ነው፤ ሕመሙና ፈውሱ በአንድ ስም ይጠራሉ። በሂከሪ የመጠጡ ስም ወደ ዛፉ እንደሄደ፥ በኮሶ ደግሞ የዛፉ ስም ወደ መጠጡ፥ ከመጠጡም ወደ ደዌው ተሻገረ። በዚህ ላይ «እንደ ኮሶ መረረኝ» የሚለው ፍካሬያዊ አነጋገር አለ። «ኮሶ ሻጭ» የሚለውም ተራ የሙያ ስም ብቻ አይደለም፤ ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ያደረጉት አፄ ቴዎድሮስ ገና ካሳ በነበሩበት ዘመን እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በኮሶ ሻጭነት መሰደባቸው በታሪክ የታወቀ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ጨፍልቆ «ለሆድ ትል መድኃኒት የሚሆን የዛፍ ስም» ማለት ከአንድ ቃል አራት ቃል መስረቅ ነው።

ስለ ዛፉ ስያሜ በውጭ የደረሰው መደናገርም ሊታወስ ይገባዋል። ከ1769 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቈየው ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ኮሶን ከነሥዕሉ ገልጾ፥ ለወዳጁ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ እንዲሆን በባንክስ ስም ጠራው። ስሙ ግን ቀደም ብሎ ለአውስትራልያ ተክሎች ተሰጥቶ ስለነበር ሊጸና አልቻለም። ዮሐን ፍሪድሪሕ ግመሊን በ1791 እ.ኤ.አ. ለሐገን መታሰቢያ «ሃጌኒያ» አለው። ጥቂት ቈይቶ ደግሞ በቍስጥንጥንያ ይሠራ በነበረው በፈረንሳዊው ሐኪም በብራዬ ስም «ብራዬራ» ተባለ፤ በ19ኛው ምዕት ዓመት አበባው ወደ አውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ሲገባም ይኸው ስም በሰፊው ይጠቀስ ነበር። ዛሬ የጸናው ሃጌኒያ አቢሲኒካ የሚለው ነው። ሦስት የባዕድ ሰዎች ስም በተፈራረቀበት ጊዜ ሁሉ ሳይናወጥ የቈየው «ኮሶ» ብቻ ነበር። ሳይንሳዊ ስም የማያወላውል፥ የሕዝብ ስም ግን የሚዋዥቅ ነው የሚል እምነት ያላቸው ባልደረቦቻችን ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

እርግጥ የሕዝቡ ስም የሚያሳስትበትም ቦታ አለ። «አባሎ» በደጋው ዋጊኖስ የተባለውን መራራ የመድኃኒት ቍጥቋጦ ይጠራል፤ ወረድ ሲሉ ግን ያው ስም ከእርሱ ጋር ምንም ዝምድና ለሌለው የወይና ደጋና የቆላ ዛፍ ይሰጣል። ዋጊኖስ መጠኑ ሲያልፍ ሰውን የሚጎዳ ተክል ነው። መዝገበ ቃላት «አባሎ፥ ለመድኃኒት የሚሆን የዛፍ ስም» ብሎ ካቆመ፥ አንባቢው የትኛውን ቈርጦ እንደሚቀቅል የነገረው ነገር የለም። ጸሐፊው «የዛፍ ስም» የሚለውን አፈታት ጉድለት ብቻ ብሎ ማለፍ ያልወደደው በዚህ ምክንያት ነው።

«ታዲያ ዛፎችን የሚያስለዩ መጻሕፍት የሉምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። አሉ። የወልደ ሚካኤል ቀለቻ የኢትዮጵያ ዕፀዋት ስሞች መዘርዝር በ1987 እ.ኤ.አ. ለ4ኛ ጊዜ ታትሟል። አዘነ በቀለ ተሰማ ስለ ጠቃሚ ዛፎችና ቍጥቋጦዎች ያዘጋጁት መጽሐፍ በ1993 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2007 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ ቀርቧል። በ1980 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍም በ2009 እ.ኤ.አ. ተፈጽሟል። ሁሉም ግን የተጻፉት በእንግሊዝኛ ሲሆን፥ የአማርኛው ስም በላቲን ፊደል ይሰፍራል። ከዚያ ወደ ፊደላችን የሚመልሰው ሰው ከና ቀን፥ ተና ጠን በአንድ የላቲን ፊደል ተጽፈው ያገኛቸዋል። ዛፉን ቀድሞ የማያውቅ ተርጓሚ ቀጋን «ከጋ»፥ ጥድን «ትድ» ብሎ ቢጽፍ የሚያርመው የለም። ውጤቱ የሚያሳዝን ነው፤ ዛፉን ለመለየት የሚረዳው መጽሐፍ ስሙን በቅጡ አይጽፍም፤ ስሙን በቅጡ የሚጽፈው መጽሐፍ ዛፉን አያስለይም።

ትርጉምም ይህን ክፍተት በገዛ እጁ ሲያሰፋው ኖሯል። የሊባኖስን ዛፍ «ዝግባ» ብለው የተረጎሙት አባቶች ግርማውን አይተው ነበር። ሆኖም የእኛ ዝግባ ሾጣጣ እንጨታማ ፍሬ የለውም፤ ክብ፥ ልብሰ ለስላሳ፥ አንድ ዘር የያዘ ፍሬ ያፈራል። የሊባኖሱ ግን ከጥድ መሰሎች ወገን ሆኖ ትልቅ ፍሬ በቅርንጫፉ ላይ ያቆማል። በአንጻሩ «ወይራ» ሲሉ ዒላማውን መትተዋል ለማለት ጥቂት ነው የቀራቸው፤ የደብረ ዘይቱ ወይራና የእኛ ወይራ የአንድ ዝርያ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው፤ የእኛው ፍሬ ትንሽ ስለሆነ ዘይት አይጨመቅበትም እንጂ። አንዱ ትርጉም የቀና፥ ሌላው የዞረ መሆኑን ከመዝገበ ቃላቶቻችን መረዳት አይቻልም፤ ለሁለቱም የሚሰጡት ፍች ያው አንድ ዓይነት ነውና።

ስለ ጥድም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ የቃሉ ፍች በዓይናችን ሥር እየተለወጠ ነውና። ጥድ፥ በሌላ አጻጻፍ ጽድ፥ ትግርኛው ጽሕዲ የሚለው፥ ቀድሞ አንድ ዛፍ ብቻ ነበር። ከሜክሲኮ አካባቢ የመጣው ዛፍ በየተክል ጣቢያው ከተስፋፋ ወዲህ ግን መጤው «የፈረንጅ ጥድ» ሲባል ባለ አገሩ ደግሞ «የሐበሻ ጥድ» ለመባል ተገደደ። ባለቤቱ በገዛ ቤቱ ቅጽል ተጨመረለት። ባሕር ዛፍ ይህን ችግር አላመጣም፤ ከባሕር ማዶ መምጣቱን በስሙ ላይ ተሸክሞ ገብቷልና። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ባለው በዓለም ሳጋ ደን የተተከለውና አገር በቀሉ ዛፍ ጎን ለጎን ይታያል። በከተማ ያደገ ልጅ «ጥድ» ሲባል የሚያስበው አብዛኛውን ጊዜ መጤውን ነው። ልዩነቱን ለመንገር ግን አንድ መስመር ይበቃል፤ የሐበሻው ጥድ ፍሬ ሰማያዊ የጠቆረ፥ ክብና ልስልስ ነው፤ የፈረንጁ ግን እንጨታማ ሆኖ ሲደርቅ በቅርፊት በቅርፊት ይከፈታል። ይህን አንድ መስመር የነፈገ መዝገበ ቃላት፥ ቃሉ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲሻገር ቆሞ ያየ ይሆናል።

«ጥቁር እንጨት»ን የመሰሉ ባለ ሁለት ቃል ስሞች ደግሞ የባሰ ዕጣ አላቸው። አንድ የታወቀ ዛፍ ስም ሆኖ ሳለ፥ ቅጽልና ስም ብቻ መስሎ ስለሚታይ ዋና ቃል ሆኖ የመግባት ዕድሉ ጠባብ ነው። ቅጠሉ ሲታሽ የመራራ ለውዝ ሽታ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ግን ከሌላ «ጥቁር» «እንጨት» ጋር አያምታታውም።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፥ ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» ልብ ወለዳቸው የሚያውቃቸው፥ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባካሄዱት ጥናት 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፀዋት መገኘታቸው ተመዝግቧል። ከእነዚህ ውስጥ በአማርኛ ፍች ብቻ ተመርቶ ሊለያቸው የሚችል ሰው ስንቶቹን ይለያል? እርሻው እስከ ቅጥሩ በደረሰበት አገር እነዚህ ዛፎች የቀሩት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው፤ የመለያ ምልክታቸውም የቀረው በዚያው በሚያገለግሉት አረጋውያን አፍ ነው።

ጸሐፊው ይህን የተረዳው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ደብር ነው። አንድ አረጋዊ አገልጋይ አግኝቶ «አባቴ፥ ኮሶን ከሌላው ዛፍ በምን ይለዩታል?» ቢላቸው፥ መልሰው «ሴቲቱን ነው ወንዱን የምትጠይቀኝ፥ ልጄ?» አሉት። ኮሶ ሴቴና ወንዴው በተለያየ ዛፍ ላይ መሆኑን የዕፀዋት ሊቃውንት ጽፈዋል፤ የሴቴው ዘለላ ወፍራምና ቀላ ያለ፥ የወንዴው ሳሳ ያለና ነጣ ያለ ነው፤ ለመድኃኒት የሚመረጠውም የሴቴው ነው። አረጋዊው ጥያቄውን ገና ሳይመልሱ፥ በጥያቄያቸው ብቻ የመዝገበ ቃላት ፍች ሊይዘው የሚገባውን መክፈያ አስቀመጡት።

ከዚያ በኋላ ለሙከራ የሚከተለው ፍች ተረቀቀ። «ኮሶ፥ ስም። 1. በደጋ የሚበቅል አገር በቀል ዛፍ፤ ቅርፊቱ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ የሚላጥ፤ ቅጠሉ በዘንግ ግራና ቀኝ የተሰለፉ፥ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የሆነ፥ ታችኛው ገጻቸው ነጣ ያለ ንኡሳን ቅጠሎች ያሉት፤ አበባው በትልልቅ ዘለላ የሚንዠረገግ፤ ሴቴው ቀላ ያለ፥ ወንዴው ነጣ ያለ። 2. የሴቴው አበባ ደርቆና ተፈጭቶ በውኃ የሚጠጣ፥ ሲበዛ የሚጎዳ የትል ማስወጫ። 3. በሰው አንጀት የሚኖር ጠፍጣፋ ረጅም ትል። 4. በፍካሬ፥ እጅግ መራራ ነገር።» ርዝመቱ ያስነቅፈው ይሆናል። ሆኖም የገጽ ቍጠባ በግስ እርባታ ላይ ይደረግ ቢባል ጸሐፊው ይመርጣል፤ እርባታውን ማንም ተናጋሪ ያውቀዋል።

ረቂቁ ለአረጋዊው በተነበበላቸው ጊዜ ግን ገና ከመጀመሪያው ምልክት ላይ አስቆሙ። «ቅርፊቱ ይላጣል ብለሃል፤ ጥዱስ አይላጥምን?» አሉ። ትክክል ነበሩ፤ የሐበሻ ጥድም ቅርፊት በስስ ቅዳጅ ይላጣል፤ እንግዲህ ቅርፊቱ ከቅጠሉ በኋላ መምጣት አለበት። ቀጥለውም አንድ ቀንበጥ ዝቅ አድርገው፥ የረገፈ ቅጠል እግሩ የነበረበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ፥ ዙሪያውን የከበበውን ጠባሳ አሳዩ። «አበባ በሌለበት ወራት የሚመጣ ሰው በምን ይለየዋል? ቅጠሉ ሲወድቅ ይህን ቀለበት ትቶ ይሄዳል፤ እሱን ጻፍ» አሉ። በረቂቁ ላይ «ቀንበጡ የረገፈ ቅጠል ቀለበት ያለበት» የሚል ተጨምሯል።